ትከሻ ሲሰበር፦ ከነጠላው እስከ ራጁ

ባጃጅ ሲገለበጥ፣ የክረምት ጭቃ አዳልጦ ሲጥል ወይም ልጅ ከዛፍ ሲወድቅ፣ ትከሻ አካባቢ የሚሰበረው ከሦስት አጥንቶች አንዱ ነው፦ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ ጫፍ የሚያግደመው ክላቪክል፣ የክንድ አጥንት የላይኛው ጫፍ፣ ወይም በጀርባ በኩል ያለው ጠፍጣፋ አጥንት።

የክላቪክል ስብራት በዓይን ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው መሐሉ ላይ ነው። የአንገት ጡንቻ ውስጠኛውን ስባሪ ወደ ላይ ሲስበው የክንዱ ክብደት ደግሞ ውጨኛውን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ቆዳው ሥር ጉብ ያለ ነገር የሚታየውና ትከሻው ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ተጎጂው ክርኑን በደህና እጁ ደግፎ ይመጣል። በከባድ ምጥ የተወለደ ሕፃን አንድ እጁን ካላንቀሳቀሰም ይህ ስብራት ይጠረጠራል።

የክንድ አጥንቱ ጫፍ በብዛት የሚሰበረው ዕድሜያቸው በገፋ እናቶች ላይ ነው። አጥንታቸው ስለሳሳ፣ ከደረጃ ተንሸራተው በእጃቸው መመርኮዛቸው ብቻ ይበቃል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብልዙ ወርዶ እስከ ክርን ይደርሳል። ቤተሰብ ይደነግጣል እንጂ፣ ከስብራቱ የፈሰሰው ደም ወደ ታች መውረዱ ነው።

ጠፍጣፋው አጥንት በቀላል አይሰበርም። እሱ ከተሰበረ ግጭቱ ከባድ ነበርና ከትከሻው በፊት ደረቱን እዩ፤ ጎድን ተሰብሮ ሳንባ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ትከሻው ክብነቱን አጥቶ ጫፉ እንደ ማዕዘን ከሾለ ውልቃት ነው። ውልቃትና ስብራት አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ ራጅ ሳይነሳ ማንም አይጎትተው። ወጌሻ ለወለምታ ይረዳ ይሆናል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ማሸት አደገኛ ነው። ከክላቪክል ሥር ወደ ክንድ የሚሄዱት ትልልቅ የደም ሥሮችና ነርቮች ያልፋሉ፣ የተሰበረው ጫፍ ደግሞ ስለት ነው። ክንድ ላይ የሚጠፈረው ቀርከሃም የትከሻውን መገጣጠሚያ ስለማይሻገር ምንም አይዝም። እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ሲጨምር ማሰሪያው አብሮ አይሰፋም፤ ደም ይታገዳል፣ ጣት ይጠቁራል፣ መጨረሻው እጅ መቆረጥ ሊሆን ይችላል።

ትከሻ የሚፈልገው መጠፈር ሳይሆን መንጠልጠል ነው፤ ለዚህም ነጠላ ይበቃል። መጀመሪያ ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ ጣት ካበጠ በኋላ አይወጡም። ነጠላውን አጥፋችሁ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ አጥፋችሁ ሦስት ማዕዘን አድርጉት። ክርኑ ታጥፎ ክንዱ ደረት ላይ ይረፍ፤ ነጠላውን በክንዱና በደረቱ መሐል አሳልፉ፣ ሹሉ ጥግ በክርኑ በኩል ይሁን። የታችኛውን ጫፍ በክንዱ ላይ ወደ ላይ መልሳችሁ ሁለቱን ጫፎች በደህናው ጎን፣ ከአንገት አጠገብ ቋጥሩ። ቋጠሮው ስብራቱ ላይም አከርካሪው ላይም እንዳያርፍ። መዳፉ ከክርኑ አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል፣ ጣቶቹ ውጭ ይታዩ። በኮብልስቶን መንገድ በባጃጅ የምትሄዱ ከሆነ ክንዱን ከነነጠላው በሰፊ መቀነት ከደረቱ ጋር አያይዙት። ከመቀነቱ ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ግን ደረቱን አትሰሩ። ተቀምጦ ይሂድ፣ መተኛት ሕመሙን ያብሳል።

አሁን ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁ፤ ቅላቱ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። የትከሻውን ውጨኛ ጎን ዳሰስ አድርጉና እንደ ሌላኛው ይሰማው እንደሆነ ጠይቁት። ካልተሰማው ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ፣ ቆዳው ከሥር ተወጥሮ ከነጣ፣ እጁ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰዓት ሳታባክኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ቡናም ቅቤም አታድርጉበት፣ አጥንቱንም ወደ ውስጥ አትግፉ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብ አትስጡት።

ከደባርቅ ወይም ከደንቢያ የሚመጣ ሰው በቅርብ ባለው ሆስፒታል ራጅ ይነሳ፤ ከባድ ከሆነ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል። ትከሻ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲነሳ ወደ ኋላ የወለቀ መገጣጠሚያ ሊደበቅ ይችላል፤ ቢያንስ ሁለት አቅጣጫ ይነሳ። ብዙዎች "ጀሶ ሳያደርጉልን መለሱን" ብለው ይቀየማሉ። አብዛኛው የትከሻ ስብራት ግን ጀሶም ቀዶ ሕክምናም አይፈልግም። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ስባሪዎቹ ርቀው ሲሄዱ ነው፤ ለምሳሌ ክላቪክሉ ተደራርቦ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲያጥር።

ለሕመሙ አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይውሰድ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ጉበት የሚያመው ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው አይቡፕሮፌን ይተው። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 15 ደቂቃ ማሳረፍ ይጠቅማል። ማታ ጀርባን በትራስ ከፍ አድርጎ፣ ከክርኑ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ማድረግ እንቅልፍ ይሰጣል። ሸሚዝ ሲለበስ የታመመው እጅ ይቀድማል፣ ሲወልቅ ደህናው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በኋላ ነው፤ "አጥንቱ ይያዝ" ብሎ ክንዱን ሁለት ወር አጥፎ ይቀመጣል፣ አጥንቱ ይድናል፣ ትከሻው ግን ተጋግሮ ይቀራል። ጣት፣ አንጓና ክርን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀሳቀሱ፤ ክርኑን በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ከነጠላው አውጥቶ መዘርጋት ነው። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ፣ በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ ማለትና የታመመውን ክንድ እንደተንጠለጠለ በረከቦት ስፋት ልክ ማዞር፤ 10 ጊዜ ወደ ቀኝ፣ 10 ጊዜ ወደ ግራ። የሚያዞረው የወገብ ውዝዋዜ ነው እንጂ የትከሻ ጉልበት አይደለም።

ክላቪክል በልጅ ከ3 እስከ 6፣ በአዋቂ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። የቀረው ጉብታ አይጎዳም። በ1 ወይም 2 ሳምንት ራጁ ይደገም፣ አጥንት ሊንሸራተት ይችላልና። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። ከ3 ወር በኋላም ስብራቱ ሲነካ የሚንቀሳቀስና የሚያም ከሆነ አልገጠመም ማለት ነውና ራጁን ይዛችሁ ወደ አጥንት ሐኪም ተመለሱ።