ሁለት ሕጎች ሲጋጩ የትኛው ይጸናል? ለኖሚክ ተጫዋቾች

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ጥግ ላይ እንሰበሰባለን። አራት ሰው፣ አንድ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ። አንዱ ቀይ ነው። የምንጫወተው ኖሚክ ነው። ተራችሁ ሲደርስ የጨዋታውን ሕግ ለማውጣት፣ ለመሻር ወይም ለማሻሻል ሀሳብ ታቀርባላችሁ፤ ድምፅ ይሰጥበታል። ጨዋታውን የፈጠረው ፒተር ሱበር የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሲጀመር 29 ሕጎች አሉት። ከ101 እስከ 116 ያሉት የማይለወጡ፣ ከ201 እስከ 213 ያሉት የሚለወጡ ይባላሉ። አዲስ ሀሳብ ከ301 ጀምሮ ቁጥር ይሰጠዋል።

ሕግ ሲበዛ መጋጨቱ አይቀርም። ያኔ ሁሉም «በሕግ አምላክ!» ይላል። በየትኛው ሕግ? እንዲህ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ በእርግጥ መጋጨታቸውን አረጋግጡ። ሁለቱን አንድ ላይ ማክበር ከተቻለ ግጭት የለም። አንዱ «ሀሳብ በጽሑፍ ይቅረብ»፣ ሌላው «ሀሳብ ቆሞ ይነበብ» ቢል፣ ጽፎ ቆሞ ማንበብ ነው። እኛ ጋ ብዙው ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ያልቃል።

ከዚያ ዓይነታቸውን እዩ። የማይለወጥና የሚለወጥ ሕግ ከተጋጩ፣ በሕግ 110 መሠረት የማይለወጠው ያሸንፋል፤ ሌላው ውድቅ ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9ም ከእሱ ጋር የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚነት የለውም ይላል። «የማይለወጥ» የተባለውም ቢሆን ሁሉም ተጫዋች ከተስማማ ወደሚለወጥ ይዛወራል። ለዚህ የሚቀርብ ሀሳብ እንደ ግጭት አይቆጠርም።

አንድ ዓይነት ከሆኑስ? ሕግ 211ን ክፈቱ። ሕጉ ስለራሱ የሚለውን አንብቡ። «ይህ ሕግ ከ304 ይቀድማል» ወይም «304 ይቅደመው» የሚል ካለበት፣ ቃሉ ይከበራል። ሁለቱም «እኔ ልቅደም» ካሉ፣ ወይም በር ላይ እንደተገናኙ እንግዶች «አይሆንም፣ አንተ ግባ» ከተባባሉ፣ ቁጥር ይፈርዳል። ስለ ቅድሚያ ምንም ካላሉም እንደዚያው። ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። በአገር ሕግ የተለመደው የኋለኛው የፊተኛውን መሻሩ ነው፤ እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የእኛ 305 «ማኪያቶ ያዘዘ 5 ነጥብ ያገኛል» ይል ነበር። 309 ደግሞ «ከድምፅ ውጤት ውጪ ነጥብ አይገኝም» ይላል። 305 ትንሽ ስለሆነ ሲያሸንፍ ከረመ። 305ን ያወጣው ልጅ 5ቱን 10 ለማድረግ ሀሳብ አቀረበ፤ ሁላችንም እጃችንን አወጣን። የሀሳቡ ቁጥር 312 ነበር። በሕግ 108 መሠረት የተሻሻለ ሕግ የማሻሻያውን ቁጥር ይወስዳል። ደብተሩን ስቤ በቀይ 305ን ሰረዝኩና ከጎኑ 312 ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ቁጥሩን አየ፣ ወደ 309 ቀና አለ፣ ሲኒውን አስቀመጠ። 309 አሁን ከእሱ ሕግ ያነሰ ቁጥር ነው። አንድም ነጥብ የለም።

ስለዚህ አንድን ሕግ ከማሻሻላችሁ በፊት፣ በአሮጌውና በአዲሱ ቁጥር መካከል ያሉትን ሕጎች አንድ በአንድ አንብቡ። የሚያሰጋ ካለ «ይህ ሕግ ከ309 ይቀድማል» የምትል ዓረፍተ ነገር እዚያው ማሻሻያው ውስጥ አስገቡ። እሷን ብቻ ጨምሮ ቢሆን ልጁ ይድን ነበር። 211 ራሱ የሚለወጥ ሕግ መሆኑንም አትርሱ፤ ባለፈው ሳምንት ተሻሽሎ ሊሆን ይችላልና ሁልጊዜ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ እዩ።

ይህን ሁሉ አልፋችሁም ካልተግባባችሁ፣ ዳኛው ከባለተራው በፊት የተጫወተው ሰው ነው። ፍርዱን መሻር የሚቻለው ሌሎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ያውም ቀጣዩ ተራ ሳይጀመር። የነገው ዳኛ በዛሬው ፍርድ አይታሰርም። ቢሆንም ምክንያታችሁን በአንድ መስመር ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ሰው ትልቅ ውለታ ነው።

ዳኛ ስትሆኑ ጉዳዩን ደጋግማችሁ አስቡበት እንጂ «ሕጋዊም ነው፣ ሕገወጥም ነው» ብላችሁ ለመገላገል አትቸኩሉ። ሕግ 213 እንዲህ ያለ ፍርድ ካልተሻረ፣ ተራውን መጨረስ ያቃተው የመጀመሪያው ተጫዋች አሸናፊ ይሆናል ይላል። ጨዋታው እዚያው ያልቃል።