አሮጌውን የታይመር ኮድ ከድራይቨሩ እንዴት እንዳወጣሁት

አንድ የቆየ የሊኑክስ ድራይቨር አዲስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ኮምፓይል አልሆን አለኝ። ድራይቨሩ ታይመር ይጠቀማል፤ ማለትም ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ፈንክሽን እንዲጠራለት ለከርነሉ ቀጠሮ ይሰጣል። «ሴትአፕ ታይመር» የሚባል ፈንክሽን የለም ይላል። እውነቱን ነው፤ ከከርነል 4.15 ጀምሮ ተወግዷል። ቦታውን የያዘው «ታይመር ሴትአፕ» ነው። ስሙ ብቻ የተገለበጠ ይመስላል፣ ግን አይደለም።

ድሮ ታይመሩ የሚጠራው ፈንክሽን አንድ ቁጥር ይቀበል ነበር። ያንን ቁጥር ወደ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ቀይረን የራሳችንን ስትራክት (የድራይቨሩን ዳታ የያዘ ጥቅል) እናገኝ ነበር። ጣጣው ምን መሰላችሁ? የፈንክሽኑ አድራሻና ቁጥሩ ሜሞሪ ላይ አንድ ስትራክት ውስጥ አብረው ነበር የሚቀመጡት። አጥቂ አጠገቡ ያለውን በፈር (ዳታ ማቆያ ቦታ) ሞልቶ ካፈሰሰ ሁለቱንም ይቀይርና ከርነሉን የፈለገውን ያሠራዋል። አሁን ፈንክሽኑ የሚቀበለው የታይመሩን ፖይንተር ነው። ታይመሩ ስትራክታችን ውስጥ ስላለ «ኮንቴይነር ኦፍ» በሚባለው ማክሮ ከታይመሩ አድራሻ ተነስተን ወደያዘው ስትራክት እንደርሳለን።

ስለዚህ ያ ቁጥር የሚቀመጥበትን የዳታ ፊልድ አጠፋሁ፣ ፈንክሽኑ የሚቀበለውን ቀየርኩ፣ አለቀ። የድሮውን ፈንክሽን ካስት አድርጋችሁ (ዓይነቱን በግድ ለውጣችሁ) ኮምፓይለሩን ዝም አሰኙት የሚሉ አሉ። አትስሟቸው፤ የፈንክሽን ዓይነት የሚፈትሽ ከርነል ላይ ጉድ ይፈላል።

ታይመራችሁ ራሱን መልሶ የሚቀጥር ከሆነ ድራይቨሩ (ሞጁሉ) ከከርነሉ ሲነሳ «ታይመር ሻትዳውን ሲንክ» የሚባለውን ፈንክሽን ጥሩት። ከከርነል 6.2 ጀምሮ አለ። አንዴ ከዘጋው ታይመሩ ዳግም አይነሳም።