ከድሬዳዋ ቁልቢ በእግር፦ ከመነሳት በፊት ያሉት አራት ቀናት

ከድሬዳዋ ቁልቢ ገብርኤል 70 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው መንገድ ነው። ለታኅሣሥ 19ኙ የገብርኤል በዓል በእግር ለመሄድ ያሰበ ሰው ለ17 አጥቢያ ቢነሳና መንገዱን ለሁለት ቀን ቢከፍለው ሳይጎዳ ይደርሳል። ከ13 እስከ 16 ያሉት ቀናት ግን ሰውን ያስጨንቃሉ። የተጨነቀ ሰው ደግሞ ይጨምራል፤ አዲስ ጫማ ይገዛል፣ ቦርሳው ውስጥ ልብስ ይከትታል፣ «አንዴ ራሴን ልፈትን» ብሎ የመጨረሻ ረጅም ልምምድ ይወጣል። በእነዚህ አራት ቀናት ሥራችሁ መቀነስ ነው።

እስከ 12 ድረስ ያልተሠራ ልምምድ አሁን አይካካስም፤ የሚተርፋችሁ የደከመ ባት ብቻ ነው። በ13 እና በ15 ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ግማሽ ሰዓት ዘና ብላችሁ ሂዱ፣ በ16 እረፉ። በዚህ ሰሞን ጉልበት ወይም ዳሌ ድንገት ሊያማችሁ ይችላል። ከጭንቀት የመጣ መሆኑን ለመለየት 20 ደቂቃ ሜዳ ላይ ተራመዱ። ሰውነት ሲሞቅ ከጠፋ አትጨነቁበት። የሚያስነክሳችሁ ከሆነ ወይም ቦታው አብጦ የሚሞቅ ከሆነ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ዘንድሮ በመኪና ሂዱ።

አሁን ወደ እግር እንምጣ፤ ሰውን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ከድካም ይልቅ የተረከዝ ቁስል ነውና። ጥፍራችሁን በ14 ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። በዋዜማው የተቆረጠ ጥፍር ጠርዙ ስል ስለሚሆን የጎኑን ጣት ይቧጥጣል፤ ሥጋው ድረስ ከተቆረጠ ደግሞ ለመዳን ጊዜ አያገኝም። የተረከዝን ደረቅ ቆዳ በዚህ ሳምንት በድንጋይ አትፈግፍጉ፤ ከሥር የሚወጣው ለስላሳ ቆዳ ቶሎ ውሃ ይቋጥራል። ጫማው ቢያንስ ሁለት ሳምንት የተረገጠና ግማሽ ቁጥር ሰፋ ያለ ይሁን፤ እግር በረጅም መንገድ ያብጣል። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ስስና ቶሎ የሚደርቅ ካልሲ ይሻላል፤ ሦስት ጥንድ ይበቃል።

በመንገዱ ላይ ወዳለችው ደንገጎ የሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ተረከዝን ጫማው ውስጥ ወደ ላይ እየሳበ ይፈገፍገዋል። ይህን የሚከለክለው የክሩ አስተሳሰር ነው። ክሩ ከመጨረሻው በፊት ያለው ቀዳዳ ጋ ሲደርስ ወደ ሌላው ጎን አታሻግሩት፤ በዚያው ጎን ባለው የመጨረሻው ቀዳዳ አስገቡትና ትንሽ ቀለበት ይተርፈው። በሌላውም ጎን እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፋችሁ ወደ ታች እየሳባችሁ አጥብቁ። ቁርጭምጭሚት አጠገብ ጠበቅ፣ ጣቶች ጋ ላላ ይላል። ደረጃ ላይ በጣታችሁ ቆማችሁ ሞክሩት፤ ተረከዙ ከጫማው ከተላቀቀ እንደገና እሰሩ።

በልምምድ ጊዜ የሚቀላባችሁን ቦታ ታውቁታላችሁ። በ16 ማታ እግራችሁን ታጥባችሁ በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ እዚያ ላይ ፕላስተር ሳይጨማደድ ለጥፉ። ማዕዘኖቹን በመቀስ ክብ አድርጉ፤ ሹል ጫፍ ካልሲ ይይዘውና ይነሳል። ቫዝሊን ሌላው ቦታ ላይ ይቀባ እንጂ ከፕላስተሩ ሥር ከገባ አያጣብቅም።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ተቀምጦ ብርድ ማሰብ ያስቸግራል። ቁልቢ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ አጥንት ይገባል። ጋቢውን በመኪና ለሚሄዱ ዘመዶች ስጡ፤ አንድ ሹራብና ነፋስ የሚከለክል ስስ ጃኬት ግን ከእናንተ አይለይ። በበዓሉ ሕዝብ መሐል ስልክ እንቢ ሊል ስለሚችል የምትገናኙበትን ቦታና ሰዓት ከወዲሁ ተስማሙ። ቦርሳውን ከነውሃው ከፊራ ገበያ ሚዛን ላይ አስመዝኑት፤ ከ6 ኪሎ ካለፈ አውጡ። ሦስት ሊትር ውሃ ብቻውን ሦስት ኪሎ ነው።

ለእያንዳንዱ የጉዞ ሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ አስቡ፤ ደንገጎ ላይ ትሞላላችሁ። ብዙ እያላባችሁ ነጭ ውሃ ብቻ ከጠጣችሁ የሰውነት ጨው ይሳሳል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ሰውም ውሃ ጥም መስሎት ጭራሽ ይጨምራል። አንዱን ጠርሙስ ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) አድርጉት። ካላገኛችሁ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ጨው አይብዛ። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ስንቁም የጾም ይሁን፦ በሶ፣ ተምር፣ ጨው ያለው የባቢሌ ለውዝ። ቆሎ አፍ ሲደርቅ አይዋጥም፤ ለእረፍት ጊዜ አቆዩት። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ስለ ጉዞው ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተመካከሩ፤ ባዶ ሆድ ዳገት ላይ አትወስኑ።

እንቅልፍን በተመለከተ ዋናው ሌሊት ለ16 የሚያጠባው ነው፤ በ15 ማታ በጊዜ ተኙ። በመጨረሻው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ቢል ጉዞ አይበላሽም፤ ጨለማ ውስጥ መጋደሙ ያሳርፋል። ከ15 ጀምሮ ጫት ይቅር፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ አፍም ያደርቃል። ቡና የለመደ ግን አያቁም፤ ድንገት ማቆም ራስ ያሳምማል። ሆድ መገላበጥ የተለመደ ነው፤ እራቱ ቅመም ያልበዛበት፣ ሆዳችሁ የሚያውቀው ይሁን።

ጭንቀቱ አልለቅ ካለ «ምን ቢሆን እመለሳለሁ?» የሚለውን በወረቀት ጻፉና ለጓደኛችሁ ስጡ። ለምሳሌ፦ ማነከስ፣ ንግግር መምታታት፣ ከጠዋት ጀምሮ ሽንት አለመምጣት። ደክሞት መንገድ ላይ የሚወስን ሰው ለራሱ ይዋሻል።

በ16 ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ከወረዱ ሾፌሮች የመንገዱን ደኅንነት ጠይቁ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በቡድን ተነሱ እንጂ ብቻችሁን አትውጡ። መኪና ከፊት እንዲመጣባችሁ በግራ ጠርዝ ሂዱ፤ ባትሪና አንጸባራቂ ሰደርያ ያስፈልጋል፤ ኩርባው ላይ ጭነት የያዘ አይሱዙ ከጠርዝ ተጠግቶ ይዞራል። የመጀመሪያውን ሰዓት እያወራችሁ ትንፋሽ በማያሳጥር ፍጥነት ሂዱ። ዳገቱን በሰዓት ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ደንገጎ ትደርሳላችሁ። እዚያ ጫማ አውልቃችሁ እግራችሁን አናፍሱ፣ ካልሲ ቀይሩ፣ ቀላ ያለ ቦታ ካለ ፕላስተር ለጥፋችሁ ወደ ቀርሳ ቀጥሉ።