የቤታችሁ ዝናብ መለኪያ ሲዋሽ

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ። ጠዋት የመለኪያችሁ ስክሪን ላይ ያለው ግን 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ልግዛ ከማለታችሁ በፊት መሰላል ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኤሌክትሮኒክሱ ሳይሆን የቆሻሻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውሃው ከሰፊው አፍ በጠባብ ቀዳዳ ይወርድና እንደ ሚዛን ወዲህና ወዲያ የምታጋድል ባለ ሁለት ጉድጓድ ማንኪያ ላይ ይንጠባጠባል። አንዱ ወገን ሲሞላ ትገለበጣለች። ማግኔቷ በስዊቹ ፊት ስታልፍ አንድ ተቆጠረ። በብዙ ሞዴሎች አንድ ግልበጣ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው።

መጀመሪያ ገመዱን ንቀሉ ወይም ባትሪውን አውጡ። እኔ ይህን ረስቼ ሳጸዳ በጠራራ ፀሐይ 6 ሚሊ ሜትር «ዘነበ»።

ከዚያ ቀዳዳውን እዩ። የበጋ አቧራ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የወፍ ኩስ አይጠፋም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ቆጠራው ለረጅም ሰዓት ከቀጠለ ቀዳዳው በከፊል ተደፍኗል ማለት ነው። በረዶ ጥሎ ከነበረ ግን አትፍረዱበት፤ እስኪቀልጥ ነው። ጭራሽ ዜሮ ካለ የሸረሪት ድር ፈልጉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይቺን ማንኪያ ለማሰርማ አንድ ክር ይበቃል። በለስላሳ ብሩሽና በውሃ አጽዱ። ዘይት አትቀቡ፣ አቧራ ይሰበስባል።

በውሃ ልክ ቀጥ ማለቱንም አረጋግጡ። ሳይዘንብ ከቆጠረ ምሰሶውን ነፋስ እያነቃነቀው ይሆናል፤ አጥብቁት።

አሁን ገመዱን መልሳችሁ ፈትኑት። አፉ ከዳር እስከ ዳር 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፣ 50 ግልበጣ። የሃይላንድ ጠርሙስ ታችውን በመርፌ ብሱና ክዳኑን ከፍታችሁ ቀስ ብሎ እንዲንጠባጠብ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት ይፍጅ። በአንዴ ከደፋችሁት ማንኪያዋ አትደርስበትም፤ ኃይለኛ ዝናብ ላይም የምታሳንሰው ለዚህ ነው።

48 ወይም 52 ቢመጣ አትጨነቁ። 40 ከሆነ ከማንኪያዋ ሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች እኩል፣ ጥቂት በጥቂት እያዞራችሁ ፈተናውን ድገሙ። «ጠቅ» ስትል እየሰማችሁ ቁጥሩ ካልጨመረ ግን ስዊቹን፣ ገመዱን ወይም ባትሪውን ጠርጥሩ።

ፈተናውን አልፎ ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚያሳንስ ከሆነ ቦታው ነው። አጥር ወይም ዛፍ ከመለኪያው አፍ በ3 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ቢያንስ 6 ሜትር ራቁ። ከጣሪያ ጥግም አንሡት፣ ከቆርቆሮው የሚፈናጠረውንም ይቆጥረዋል።