በተስፋ የሚገዛን አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይመረምሩታል?

ገና ማትረፍ ስላልጀመረ ኩባንያ አነስተኛ ባለሀብቶች ሲከራከሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የአክሲዮኑ ዋጋ ነው፤ አስቀድሞ መታየት ያለበት ግን ኩባንያው በእጁ ያለው ገንዘብ እስከ መቼ እንደሚያቆየው ነው። ጥሬ ገንዘቡን በየሩብ ዓመቱ ከሚያጎድለው መጠን ጋር ያነጻጽሩ፤ 12 ሚሊዮን ይዞ በሩብ ዓመት 3 ሚሊዮን የሚያጎድል ኩባንያ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወይ ይበደራል፣ አለዚያም አዲስ አክሲዮን ይሸጣል። የአክሲዮኑ ብዛት ከ10 ሚሊዮን ወደ 15 ሚሊዮን ሲያድግ፣ አንድም አክሲዮን ያልሸጠ የ1 በመቶ ባለድርሻ ድርሻው ወደ 0.67 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ተስፈኞቹ ይህን ስሌት ሲያነሡ እምብዛም አይሰማም።

ቀጥሎ የተጠራጣሪዎቹን ጠንካራ መከራከሪያ በራስዎ ቃል ይጻፉ፤ በማስረጃ ሊመልሱት ካልቻሉ ግዢውን ያቆዩት። «በግማሽ ስለወረደ ርካሽ ነው» የሚለውን አባባል እኔ ከማስረጃ አልቆጥረውም፤ 50 በመቶ የወደቀ ዋጋ ወደ ነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ መጨመር አለበትና።

ለመግዛት ከወሰኑ፣ ቢጠፋ ኑሮዎን በማያናጋ ገንዘብ እንጂ በብድር አይሁን። ገዢና ሻጭ የሚያንሰው አክሲዮን የመግዣና የመሸጫ ዋጋው ስለሚራራቅ፣ የሚከፍሉትን ከፍተኛ ዋጋ ወስነው ይዘዙ፤ የሚሸጡበትንም ምክንያት ከግዢው በፊት በጽሑፍ ያስቀምጡ።