ማግኔት ብረት እንጂ ፈንጂ አያውቅም፦ የድብቅ ፈንጂ ፍለጋ ችግሮችና መፍትሄዎች

የማግኔት መሣሪያ ሲጮኽ «ፈንጂ አለ» ማለቱ አይደለም። «እዚህ ብረት አለ» ነው የሚለው። ዝም ሲልም «ሰላም ነው» አላለም። ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ችግር፦ መርከቡ ምንም ነገር ሳይነካው ከሥሩ ይፈነዳበታል

በ1939 መጨረሻ እንግሊዞችን ያስጨነቀው ይህ ነበር። ፈንጂው ከባሕር ወለል ላይ ተኝቷል፣ መርከቡ ከላዩ ያልፋል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ምስጢሩ የተገኘው የጀርመን አውሮፕላን በፓራሹት የጣለው አንድ ፈንጂ ከቴምዝ ወንዝ መውጫ አጠገብ፣ ሹበሪነስ በተባለ ቦታ ጭቃ ላይ በመቅረቱ ነው። ጆን ኡቭሪ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ከባልደረቦቹ ጋር ኖቬምበር 23 ቀን ፈታታው። መፍቻዎቹ ማግኔት ከማይስበው ብረት ተለይተው የተሠሩ ነበሩ። ፈንጂው በማግኔት እንደሚነቃ ጠርጥረው ነበር፤ ልክም ነበሩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የብረት መርከብ ከሚሠራበት ቀን ጀምሮ የምድር ማግኔት እየሰረጸበት ራሱም ደካማ ማግኔት ይሆናል። ከላይ ሲያልፍ ፈንጂው ውስጥ ያለችው መርፌ ታዘነብልና የኤሌክትሪክ መስመር ታገናኛለች። ኮምፓስ በሉት፣ ግን ክፉ ኮምፓስ።

መፍትሄው በመርከቡ ዙሪያ የኤሌክትሪክ ገመድ ጠምጥሞ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሠራ ማግኔት መፍጠር ሆነ። ሁለቱ ሲጣፉ መርፌዋ መርከቡን አታየውም። ለዛሬም ትምህርት አለው፦ ብረት ይዞ ሲቀርቡት የሚነቃ ፈንጂ አለ።

ችግር፦ መሣሪያው ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ አያርፍም

መጀመሪያ ራስዎን ይጠርጥሩ። የቀበቶ ዘለበት፣ ቁልፍ፣ ቢላ፣ አፍንጫው ውስጥ ብረት ያለው የሥራ ጫማ። መሣሪያውን ንጹሕ በተባለ ቦታ አስቀምጠው በዙሪያው ይዙሩ። ንባቡ አብሮዎት ከዞረ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ካልሆነ አፈሩን ያስቡ። ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ማግኔት የሚስብ ማዕድን አለ፤ የእኛ ደጋም አብዛኛው በእንዲህ ያለ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ባለሙያዎች አንድ ዘንግ ላይ ሁለት ማግኔት ለኪ ከላይና ከታች አስረው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ያነባሉ። የምድር ማግኔት ሁለቱም ጋ እኩል ስለሆነ ይጣፋል። ቅርብ ያለው ብረት የታችኛውን አብልጦ ስለሚነካ ልዩነቱ ይቀራል። ድንጋዩ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ችግር፦ ዝም አለ፣ ፈንጂው ግን እዚያው ነበር

ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች «ሹሚነ 42» የሚባል የእንጨት ሳጥን ፈንጂ ይቀብሩ ነበር። እንጨትን የማግኔት መርፌ ምን ታድርገው? ጥልቀትም ያታልላል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የትንሽ ብረት ምልክት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ጀርመን ውስጥ የጦርነቱን ያልፈነዱ ቦምቦች ሲፈልጉ እስካሁን መሬት ቦርቡረው ማግኔቶሜትሩን (ማግኔት ለኪውን) ጉድጓድ ውስጥ የሚያወርዱት ለዚህ ነው።

ለእንጨቱና ለፕላስቲኩ መፍትሄው ማግኔት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፦ የሰለጠነ አምካኝ አፈሩን በአግድሞሽ እየወጋ መፈተሽ፣ ውሻ፣ ታንዛኒያ ውስጥ የሚሰለጥኑት ትልልቅ አይጦች። ውሻና አይጥ የሚያሸቱት ፈንጂውን ራሱን ነው።

ችግር፦ አንቴናው በራሱ እየዞረ ይጠቁማል

መሣሪያውን ይጣሉት። «ኤዲኢ 651» የተባለው የውሸት ፈንጂ ፈላጊ እንዲህ ነበር፤ ባትሪ እንኳ የለውም፣ የሚያዞረው የያዘው ሰው እጅ ነው። ኢራቅ ግን በብዙ ሚሊዮን ዶላር ገዝታ ኬላ ላይ አሰለፈችው። ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ በ2013 እንግሊዝ አገር 10 ዓመት ተፈረደበት።

ችግር፦ የስልኬ «ብረት ፈላጊ» አፕ ቁጥሩ ዘለለ

የምድር ማግኔት ራሱ እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ይደርሳል። ስልኩን ማዘንበል ወይም ማግኔት ያለው ከቨር ብቻ ቁጥሩን ያዘልለዋል። የጠፋ ሚስማር ይፈልጉበት፤ ፈንጂ ግን በጭራሽ። ጦርነት በነበረበት ቦታ የማያውቁት ነገር ካዩ አይንኩት፣ በመጡበት ዱካ ይመለሱ። ስልኩ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው፦ በደንብ ከራቁ በኋላ ለፖሊስ ይደውሉበት።