ለደረቅ ሳል የቻይናዎች የፒር አሠራር፣ ሳይንሱስ ምን ይላል?

በቻይና የመጸው አየር ደረቅ ሲሆን በብዙ ቤቶች ፒር በእንፋሎት ይበስላል። ባህላዊው ሕክምና ሳልን ደረቅ ወይም አክታ ያለው ብሎ ይለያል፤ ይህ አሠራር ጉሮሮን ለሚከረክር ደረቅ ሳል ነው። ድስቱ ከመጣዱ በፊት ግን ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ደም ያለበት ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በቂ ምክንያት ነው።

አንድ የበሰለ ግን ያልላላ ፒር ይጠቡና አናቱን እንደ ክዳን ይቁረጡ። ዘሩን በማንኪያ ያውጡ። ግርጌው እንዳይበሳ ይጠንቀቁ፤ ከተበሳ ጭማቂው ከፍሬው ሾልኮ ይወጣል። ክፍተቱ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩ። ቻይናዎቹ የሚመርጡት ጠጠር መሳዩን ነው፤ ተራውም ይሠራል። ክዳኑን መልሰው በስቴኪኒ ይውጉት። ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጠው በሚፈላ ውኃ እንፋሎት 45 ደቂቃ ያህል ያብስሉት። ሥጋው ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል ሲለሰልስና ሳህኑ ላይ ጭማቂ ሲያቁር ደርሷል። ለብ ሲል ከነጭማቂው ይበላል።

ብዙዎች ከ1 እስከ 2 ግራም የቹዋን ቤይ ሙ ዱቄት ይጨምሩበታል። ይህ በሲችዋንና በቲቤት ከፍተኛ ተራሮች የሚበቅል የአበባ ተክል ከመሬት በታች ያለ ራስ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። ከዱር እየተለቀመ ስለተመናመነ ዋጋው ውድ ነው፤ በስሙ ርካሽ ዘመዶቹም ይሸጣሉ። በውስጡ ያሉት አልካሎይድ የተባሉ ኬሚካሎች በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ሳልን ቀንሰዋል። በሰው ላይ ግን ጥሩ ጥናት ጥቂት ነው፤ የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምረው ኮክሬን የቻይና ዕፅዋትን ለድንገተኛ ብሮንካይትስ፣ ማለትም ለሳንባ አየር ቧንቧዎች ብግነት፣ ለመምከር የሚያበቃ ጥራት ያለው ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ገንዘብዎን አያውጡበት።

በስኳሩ ፋንታ ማር ቢያደርጉ ይሻላል፤ የ2018 የኮክሬን ግምገማ ማር የሕፃናትን ሳል ሳያስታግስ አይቀርም ብሏል። ፒሩ ለብ ካለ በኋላ ይጨምሩት። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የተባለውን መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

ተዘጋጅቶ የታሸገ የሳል ዕፅ ከገዙ ዝርዝሩን ያንብቡ። ጋን ጻኦ፣ ማለትም ሊኮሪስ፣ ሲበዛ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ፖታሲየምንም ይቀንሳል። ማ ሁዋንግ በተባለው ሌላ ዕፅ ውስጥ ያለው ኤፌድሪን ልብን ያስቸግራል፤ አሜሪካ ኤፌድሪን ያለባቸውን የምግብ ማሟያዎች በ2004 አግዳለች። የልብ ወይም የግፊት ሕመም ካለብዎ ሁለቱንም አይንኩ።